የያዝነው ሙያ ለአንበሳም ይድረስ

የተከበራችሁ የእንስሳት ሐኪሞች፣ የማዳቀል ባለሙያዎችና ተማሪዎች፤ ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴና ከየወረዳው ኮምቦልቻ ድረስ መጥታችሁ ስለተገኛችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በዚህ መድረክ ዘወትር የምናነሣው ስለ ላምና በግ ነው። ዘንድሮ ስለ አንበሳና ስለ አቦ ሸማኔ መናገር ፈለግሁ፤ ጉዳዩ ከእጃችን ሥራ የራቀ አይደለምና።

ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ከቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጅን ስትሮውን፣ ማለትም አባለዘሩ (የወንዱ ዘር) የታሸገበትን ቀጭን ቱቦ፣ አውጥቶ ለብ ባለ ውሃ ማቅለጥ ለእናንተ የዘወትር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ መካነ እንስሳት የሆነውም ከዚሁ ይጀምራል። ቀዝቅዞ የቆየ የአቦ ሸማኔ አባለዘር ቀልጦ ከአንዲት እንስት ከተወሰደ እንቁላል ጋር በላቦራቶሪ ተዋሐደ፤ ፅንሱ በሌላ እንስት ማሕፀን አድጎ ሁለት ግልገሎች ተወለዱ። ከዚያ በፊት፣ በ2018፣ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰው ሰራሽ ማዳቀል ሁለት የአንበሳ ደቦሎች እንዲወለዱ አድርገዋል።

ሥራው ግን ከላም በብዙ ይከብዳል። ላም ድራት ስትመጣ (ኮርማ ስትፈልግ) እንቁላሏ በራሱ ጊዜ ይለቀቃል፤ በድመት ወገን ግን በአብዛኛው እንቁላል የሚለቀቀው ከወንድ ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው። ስለዚህ ሆርሞን መስጠት ግድ ይላል። ማደንዘዣው ደግሞ የዘሩን ጉዞ ስለሚያውክ፣ ብዙ ጊዜ ሆድን በጥቂቱ በስቶ በካሜራ እየተመለከቱ አባለዘሩን በቀጥታ ማሕፀን ውስጥ ማድረስ ያስፈልጋል። የአቦ ሸማኔ ዘር ላይ ሌላም ችግር አለ፤ አብዛኛው የተዛባ ቅርጽ ያለው ነው።

የደቡብ ወሎው የቦረና ሳይንት ፓርክ ነብር ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ደኑና አደኑ ካለ ራሱ ይራባል። እኔን የሚያሳስበኝ የአዲስ አበባው መካነ እንስሳት አንበሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በዘረመሉ ከሌሎች አንበሶች የተለየ መሆኑን አሳይቷል፤ የተጠኑት 15 ብቻ ነበሩ። እንዲህ በጥቂት እንስሳት ላይ የተንጠለጠለ ዘር አንድ ወንድ በሞተ ቁጥር ይመናመናል። ይሁንና ወንዱ ከሞተ በኋላም ዘሩ ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል፤ የዘር ፍሬው በቅዝቃዜ ተጠብቆ በጊዜ ከደረሰ ሊሰበሰብና ሊቀዘቅዝ ይችላል። ይህን ሳናደርግ ሬሳውን መቅበር ያንገበግበኛል!

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በምናደርገው ውይይት፣ ከቤት ድመት የሚጀምር ሥልጠና ለወጣት አዳቃዮቻችን እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሂደቱ አንድ ነው፤ የቤት ድመት ማምከን ለሚሠራ ሐኪም የልምምዱ ናሙና በየቀኑ እጁ ላይ አለ።

ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን በደስታ አበስራለሁ።