ከአልጋ ስትወርዱ የሚወጋው ተረከዝ
(በድሬዳዋ ለከፊራ ገበያ ነጋዴዎች የቀረበ ንግግር)

የከፊራ ሰዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! ወንበር ያጣ ጆንያው ላይ ይቀመጥ፤ ስትቆሙ የምትውሉት ይበቃችኋል።

ጠዋት ከአልጋ ወርዳችሁ ገና የመጀመሪያውን እርምጃ ስትረግጡ፣ ተረከዛችሁን ከውስጥ በኩል እንደ ሚስማር የሚወጋችሁ፣ ትንሽ ስትራመዱ ደግሞ ረገብ የሚልላችሁ አላችሁ? በርጫ ላይ ቆይታችሁ ስትነሱም ይመለሳል። ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያይተስ ይሉታል።

ጫማችሁን አውልቁና አውራ ጣታችሁን በእጃችሁ ወደ ላይ ሳቡት። በሌላው እጃችሁ፣ ውስጥ እግራችሁን ዳብሱ፤ እንደ ክራር ክር የተወጠረ ጅማት ታገኛላችሁ። የታመመው እሱ ነው። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ ጣቶች ሥር ይደርሳል፤ የእግራችሁን ቅስት ደግፎ ይይዛል። ስንተኛ ጣታችን ወደ ታች ስለሚያዘነብል ጅማቱ ተሰብስቦ ያድራል። ጠዋት ክብደታችን በአንዴ ሲያርፍበት ተረከዙ ላይ የተያያዘበት ቦታ ይሳባል፤ ያ ነው የሚወጋችሁ።

ሲሚንቶ ላይ ቆሞ መዋል፣ የተወጠረ ባት፣ የሰውነት ክብደት፣ ድንገት የበዛ እግር ጉዞ ያመጡታል። ሸበጥም አለበት። በድሬ ሙቀት ሸበጥ ያደረገን ማን ይፈርድበታል? ግን መሃሉ ላይ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ፣ ተረከዙ ያለቀ ከሆነ ጣሉት። ጥሩ ጫማ የሚታጠፈው ጣቶች ጋ ነው፤ ተረከዙም ትንሽ ከፍ ያለና ለስላሳ ነው። ቅዳሴ ላይ ጫማ አውልቃችሁ ስትቆሙ መቋሚያውን ተደገፉበት፤ የተሠራው ለዚያ ነው።

ራጅ ተነሥታችሁ «አጥንት በቅሏል» ከተባላችሁ አትደንግጡ። ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎችም ያ አጥንት አላቸው።

ሕክምናው አልጋ ላይ ይጀምራል። እግራችሁ መሬት ሳይነካ የታመመውን እግር ጉልበታችሁ ላይ አድርጉ፤ ጣቶቹን ወደ ቅልጥማችሁ ሳቡና 10 ሰከንድ ያዙ። 10 ጊዜ ድገሙት፣ በቀን 3 ጊዜ። ብዙ ሰው ቡና ከጠጣ በኋላ ይሠራዋል፤ ያኔ ግን ጅማቱ ተስቦ አልቋል። ለባታችሁ ደግሞ ግድግዳ ተደግፋችሁ የታመመውን እግር ወደ ኋላ አድርጉ፤ ጉልበቱን ሳታጥፉ፣ ተረከዙን ሳታነሡ 30 ሰከንድ ቆዩ፤ 3 ጊዜ። እግራችሁ ወደ ውጭ ከዞረ አይሠራም።

ጅማቱን የሚያጠነክረው ግን ደረጃ ላይ የሚሠራው ነው። ፎጣ ጠቅልላችሁ ጣቶቻችሁ ሥር አድርጉ፤ ተረከዛችሁ ከደረጃው ጠርዝ ውጭ ይሁን። በ3 ሰከንድ በጣቶቻችሁ ተነሡ፣ 2 ሰከንድ ቆዩ፣ በ3 ሰከንድ ውረዱ። 12 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። በአንድ እግር ከከበደ በሁለቱ ጀምሩ። ሰው የሚሳሳተው ሲወርድ ነው፤ ዱብ ይላል። ሌላው በሁለት ሳምንት ተስፋ ይቆርጣል፤ ለውጡ ግን ወራት ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ይድናል።

ማታ ማታ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አስበርዱና ካልሲ አድርጋችሁ ውስጥ እግራችሁ ሥር 10 ደቂቃ አንከባልሉት። ስኳር ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዘው አይሞክረው።

መርፌ የምትጠይቁን ብዙ ናችሁ። በመርፌ የሚሰጠው ኮርቲዞን ለሳምንታት ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ግን ጅማቱን ሊበጥስ፣ የተረከዙን ስብ ሊያሳሳ ይችላል፤ ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫችን አይደለም። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌንም የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ሕመም ላለባቸው፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም።

ተረከዛችሁ ሌሊት ተኝታችሁም የሚጠዘጥዛችሁ፣ ያበጠና የሚያተኩስ፣ «ጧ» ብሎ ድንገት የታመመ፣ ወይም ከሁለት ጎን ስትጨምቁት የሚያም ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉትና ሐኪም ይያችሁ፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ተረከዝ ታሞ ጠዋት ወገባችሁም ለረጅም ጊዜ የሚገትር ከሆነም እንዲሁ።

አሁን ፎጣ ያላችሁ ወደ ደረጃው ኑ፤ አወራረዳችሁን አንድ በአንድ እናያለን።