ፕላብ ማለፍና የሰርጀሪ ወንበር ማግኘት ለየቅል ናቸው

ሰላም ናችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች! ከጅማ ነን። የዛሬው ቪዲዮ "ውጭ ሄጄ ሰርጀሪ፣ ማለትም ቀዶ ሕክምና፣ እማራለሁ" ለምትሉ ኢንተርኖችና ጂፒዎች (ጠቅላላ ሐኪሞች) ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉና እንቀጥል።

ኮመንት ላይ እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። "ፕላብን ካለፍኩ እንግሊዝ ሬዚደንሲ ገባሁ ማለት አይደል?" ፕላብ ውጭ አገር የተማረ ሐኪም እንግሊዝ ለመሥራት የሚፈተነው ፈተና ነው፣ ሬዚደንሲ ደግሞ የስፔሻሊስትነት ሥልጠና። ታዲያ መልሱ? አይደለም። በፍጹም አይደለም! ይሄን ሳናጠራ ወደ ሌላ አንሄድም።

እስቲ መናኸሪያችንን አስቡት። ገና አልነጋም። የአዲስ አበባው መኪና ሞተሩን እያሞቀ ነው፣ ረዳቱ "አዲሳባ! አዲሳባ!" እያለ ይጣራል። እናንተ የግቢውን በር አልፋችሁ ገብታችኋል። ጎሽ! ግን ግቢ መግባት ወንበር መያዝ ነው? አይደለም። ፕላብ የግቢው በር ነው። ሁለቱን ፈተና ታልፋላችሁ፣ እንግሊዝኛችሁን ታስመዝናላችሁ፣ የአገሩ የሐኪሞች ምክር ቤት ይመዘግባችኋል። ከዚያ በሐኪምነት መሥራት ይቻላል። የሥልጠና ወንበሩ ግን ሌላ ውድድር ነው።

ወንበር ስታገኙም ቶሎ አትቀመጡ። "እስከ የት ነው?" በሉ። እስከ ወልቂጤ ብቻ የሆነ ወንበር አለ። መኪናው ያው ነው፣ መንገዱ ያው ነው፣ ጊቤንም አብራችሁ ትሻገራላችሁ። ወልቂጤ ላይ ግን "ውረዱ" ትባላላችሁ። ሻንጣ ይዞ ሌላ መኪና ፍለጋ! ይሄ ወንበር አሜሪካ ውስጥ ፕሪሊሚነሪ ይባላል። የአንድ ዓመት ቦታ ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዋስትና የለውም። አዲስ አበባ የሚያደርሰው ካቴጎሪካል የሚባለው ነው፤ ለጄኔራል ሰርጀሪ 5 ዓመት። ሁለቱም ጋ ተረኛ ታድራላችሁ፣ ሁለቱም ጋ ራውንድ አለ። ሰው የሚሸወደው ለዚህ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ መሀል መንገድ ላይ ሲቀር።

እንግሊዝም መኪና መቀየር አለ። ኮር ሰርጂካል ትሬኒንግ የሚባለው የመጀመሪያው የሰርጀሪ ሥልጠና 2 ዓመት ነው። ከዚያ ኤምአርሲኤስ የሚባለውን ፈተና ይዛችሁ ኤስቲ3 ለሚባለው ቀጣይ የሥልጠና ደረጃ እንደ አዲስ ትወዳደራላችሁ። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የአገሪቱ የ10 ዓመት የጤና ዕቅድ ለእዚያው ምሩቃን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ተናግሯል። ይሄን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

የአሜሪካውን ሂደት ታውቁታላችሁ፣ በፍጥነት ልለፈው። መጀመሪያ የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎቹ፣ ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ። የስቴፕ ዋን፣ ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ውጤቱ ማለፍና መውደቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሸክሙ ስቴፕ ቱ ላይ ወድቋል። ቀጥሎ ኦኢቲ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ውጭ ለተማረ ሐኪም የሚሰጠው የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት፣ ማመልከቻ፣ ኢንተርቪው፣ መጋቢት ላይ ማች፣ ማለትም አገር አቀፉ ምደባ። ጀርመን እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ምደባ የለም፤ ሆስፒታሉን ራሳችሁ ትጠይቃላችሁ። ፈተናው ጀርመንኛው ነው፤ የሐኪም ቋንቋ ፈተና አለው።

አንድ የምትረሱት መንገድ ደግሞ አለ፣ ኮሴክሳ። የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። ሥልጠናው ኮሌጁ እውቅና በሰጠው ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ አገር ቤትም ሆኖ ይቻላል። መጀመሪያ 2 ዓመት፣ ለጄኔራል ሰርጀሪ ሌላ 3 ዓመት። በኔ እምነት ይሄ የሁለተኛ ምርጫ አይደለም። በሽተኛው እዚህ ነው፣ እጅም የሚፈታው እዚሁ ነው።

እና ከእንግሊዝ "ክሊኒካል ፌሎው" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ወዲያው ደስ አይበላችሁ። ብዙ ጊዜ ከሥልጠናው መስመር ውጭ ያለ ሥራ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ደመወዝም ልምድም አለው። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ስንት ዓመት ነው? እንደ ሥልጠና ይቆጠራል? ሲያልቅ ቀጣዩ ዓመት የማን ነው? መልሱ ከተድበሰበሰባችሁ ስማችሁን ሸፍናችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡት፣ አብረን እናየዋለን።