ቀዩ ፒክስል ወርቅ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ጉዳዬም ከሰማይ ሆኖ ማዕድን መፈለግ ነው።

ሳተላይት ወርቅም ሆነ መዳብ ለይቶ አያሳይም። የሚያየው የድንጋዩን ቆዳ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይዘልቅም። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ማዕድኑን ያመጣው ፍል ውሃ በስንጥቅ ሲወጣ ዙሪያውን ያለውን ድንጋይ ይቀቅለዋል። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ሸክላና ነጭ ሚካ (አብረቅራቂ፣ ቅርፊት መሰል ማዕድን) ይሆናል፤ ፓይራይት (የብረትና የድኝ ውሁድ) ያለበት ደግሞ ላዩ ዝጎ ይቀላል። የምንፈልገው ይህን የተቀቀለ ድንጋይ ነው።

ሸክላና ሚካ 2.2 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ይውጣሉ። ባንድ ማለት ሳተላይቱ ለብቻው የሚለካው የብርሃን ክልል ነው። ላንድሳት 8 በተባለው ሳተላይት ምስል ላይ ባንድ 6ን ለባንድ 7 ስታካፍሉ ሸክላው ይደምቃል፤ ባንድ 4ን (ቀዩን) ለባንድ 2 (ለሰማያዊው) ስታካፍሉ ዝገቱ። አስተር የተባለው የሳተላይት መሣሪያ ይህንኑ የ2.2 አካባቢ ክልል በቀጫጭን ባንዶች ስለሚከፍለው የሸክላውን ዓይነት ጭምር ይለያል። ችግሩ፣ ይህ ክፍሉ በፈረንጆቹ 2008 ስለተበላሸ የምትጠቀሙት የቆየ ምስል ብቻ ነው። ድንጋይ ስለማይቸኩል ግን ብዙም አይጎዳችሁም።

ማካፈል የሚወደደው ጥላን ስለሚያጣፋ ነው። ቁጥር እንያዝ። ፀሐይ ያረፈበት ተዳፋት ላይ ቀዩ ባንድ 0.30፣ ሰማያዊው 0.10 ነው እንበል፤ ሲካፈል 3። ጥላው ውስጥ 0.06 እና 0.02፤ አሁንም 3። አሁን ጭጋግ ጨምሩበት፤ በቀዩ ላይ 0.01፣ በሰማያዊው ላይ 0.04። የፀሐዩ ወገን ወደ 2.2 ይወርዳል፤ የጥላው ወገን 1.2 ገደማ ይሆንና ከካርታው ይጠፋል። ድንጋዩ እኮ ያው ድንጋይ ነው! የተባዛ ነገር ሲካፈል ይጣፋል፤ የተደመረ ግን አይጣፋም።

ጭጋጉ የተስተካከለለት ምስል አውርጃለሁ ብላችሁም አትዘናጉ። በላንድሳት ኮሌክሽን 2፣ ደረጃ 2 ፋይል ያለው ቁጥር በ0.0000275 ተባዝቶ 0.2 ሊቀነስለት ይገባል። «ስናካፍል ይጣፋል» ብሎ ሁለቱንም የሚዘል ብዙ ነው። ማባዣው እውነትም ይጣፋል፤ 0.2ው ግን ተደብቆ ይቀራል፣ ያ 3 የነበረው 1.67 ይሆናል። ሴንቲኔል-2 በተባለው ሳተላይትም፣ ከፈረንጆቹ ጥር 2022 ማብቂያ ወዲህ በተሰናዱት ምስሎች ላይ መጀመሪያ 1000 መቀነስ፣ ከዚያ ለ10000 ማካፈል ግድ ነው። የድሮና የአዲሱን ምስል ሳያስተካክሉ ማጣመር ድንበሩ ላይ የሌለ የድንጋይ ለውጥ ይፈጥራል።

ቅጠልም ያታልላል። በውስጡ ያለው ውሃ ባንድ 7ን ስለሚውጥ ለምለም መስክ የሸክላ ክምችት መስሎ ይደምቃል። በደረቁ ወቅት ማብቂያ የተነሳ ምስል ምረጡ፤ ኤንዲቪአይው (የልምላሜ መለኪያ ቁጥሩ) ከ0.3 በላይ የሆነውንም ሸፍኑት። ቁጥሩ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ፍል ውሃው የወጣበትን ስንጥቅ ለማግኘት ወደ መሬቱ ቅርጽ ልለፍ። የከፍታ ፋይሉን ወደ ዩቲኤም (ርቀትን በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት) ሳትቀይሩ ተዳፋት ካሰላችሁ፣ ፕሮግራሙ አንዱን ዲግሪ እንደ አንድ ሜትር ቆጥሮ አገሩን ሁሉ ገደል ሊያደርገው ይችላል። ከከፍታ ፋይሉ የሚሠራው የጥላ ካርታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብርሃኑን ከ315 ዲግሪ፣ ከሰሜን ምዕራብ ያበራል፤ ወደዚያው አቅጣጫ የተዘረጋ ስንጥቅ ጥላ ስለማይጥል አይታይም። ከ0፣ ከ45፣ ከ90ም ደግማችሁ አብሩ። የምታሰምሩትን መስመር ሁሉ ከምስሉ ጋር አመሳክሩ፤ መንገድ ሊሆን ይችላል። ኮፐርኒከስ የተባለው የ30 ሜትር የከፍታ ሞዴል የዛፉን አናት ስለሚይዝ የደን ዳርም ስንጥቅ ይመስላል።

በካርታው ላይ ዝገት ያሳየው ቀይ ቦታ ከሸለቆ ግርጌ ከሆነ ዝገቱ ከላይ ተጠርጎ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ለጊዜው አቆዩት። ሸክላውና ዝገቱ ጎን ለጎን ሆነው ስንጥቅ የሚያቋርጣቸው ከሆነ ግን፣ በከፍታ ሞዴሉ ተፋሰሱን አውጡና የደለል ናሙና ነጥባችሁን ከወንዞቹ መገናኛ ከፍ ብሎ፣ በየገባሩ ላይ ምልክት አድርጉ። ከመገናኛው በታች የወሰዳችሁት ናሙና ወርቅ ቢያሳይ እንኳ ከየትኛው ገባር እንደመጣ አይነግራችሁም።