ዊንዶውስ የሌለው ሰው ባዮሱን በምን ያድስ?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራችሁም ኮምፒውተራችን ገና ሲበራ፣ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ሳይነሳ፣ ቀድሞ ስለሚሠራው ፕሮግራም ነው። ባዮስ የምንለው፣ አዲሶቹ ማሽኖች ላይ ዩኢኤፍአይ የሆነው። ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው ያለው። ዲስኩን ብትቀይሩ፣ ሲስተሙን አጥፍታችሁ እንደገና ብትጭኑ እሱን አይነካውም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሎጎፌይል የሚባለው የደህንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ፤ ማሽኑ ሲነሳ የሚታየውን የአምራቹን አርማ በሚያነበው ኮድ ውስጥ የተገኘ ነው። ሊኑክሱን የቱንም ያህል ብታድሱት ይህ አይደፈንም፤ ፈርምዌሩ፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ራሱ መታደስ አለበት። ማደሻው ግን ለዓመታት የሚመጣው ወይ በዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ከዚያ በፊትም ዶስ በሚባለው የድሮ ሲስተም በሚነሳ ፍሎፒ ዲስክ ነበር። ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው፤ የዛሬዎቹ የባዮስ ቺፖች ብዙዎቹ 16 ሜጋባይት ናቸው። ሰው በገንዘቡ የገዛውን ማሽን ከአደጋ ለመጠበቅ የማይፈልገውን ሲስተም ጫን መባሉ ልክ አይደለም፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።

መውጫ ያበጁልን ሰዎች አሉ። ጂም ሆል እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው ፍሪዶስ፣ ነጻው የዶስ ምትክ፣ ፍላሽ ላይ ተጭኖ የድሮ ማደሻዎችን ያስነሳል። ቲንክፓድ የሚባለው የሌኖቮ ላፕቶፕ ባለቤቶች ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። ሌኖቮ ለሲዲ የሚሆን ፋይል ያወጣል፣ ላፕቶፑ ግን ሲዲ ማንበቢያ የለውም። ፋይሉን እንዳለ ፍላሽ ላይ ብትጽፉት ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ምክንያቱም የሚነሳው ክፍል ለሲዲ በተዘጋጀው አሠራር ውስጥ ተሸፍኖ ነው ያለው። ጌትኤልቶሪቶ የምትባል አጭር ስክሪፕት ያንን ክፍል ብቻ ታወጣላችኋለች፤ እሱን ዲዲ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ትዕዛዝ ፍላሽ ላይ መጻፍ ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን የሊኑክስ ኩባንያ የሆነውን የሬድ ሃቱን ሪቻርድ ሂዩዝን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፈርምዌርን ከሊኑክስ ሆኖ የሚያድሰውን ፕሮግራም፣ ኤፍደብሊውአፕዲን ጀመረ፤ አምራቾች የማደሻ ፋይላቸውን የሚያስቀምጡበትን ድረ ገጽ፣ ኤልቪኤፍኤስንም አቆመ። አሠራሩን ስረዳው ደነቀኝ። ሊኑክስ ቺፑን አይነካም፤ ፋይሉን ፈርምዌሩ በሚያነበው የዲስኩ ክፍል፣ ኢኤፍአይ ክፍልፍሉ ላይ አስቀምጦ ማሽኑን እንደገና ያስነሳል። ፊርማውን አረጋግጦ የሚጽፈው ፈርምዌሩ ራሱ ነው። ታዲያ ዊንዶውስ መኖሩ ምን ያደርጋል?

ማሽናችሁ ኤልቪኤፍኤስ ላይ ከሌለ ባዮሱ ውስጥ ግቡ። ዴል ኤፍ12 ሲጫን ማደሻ ምርጫ ያሳያል፤ አሱስም ኤምኤስአይም የየራሳቸው አላቸው፤ ፋይሉን ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት በተደረገ ፍላሽ መስጠት ይበቃል።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጽሕፈቱ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሙሉ፣ ቻርጀሩንም ሰኩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነው የሚለኝ ሰው ሲመጣም፣ ራሙንና ስክሪኑን ከማየትህ በፊት ሞዴሉን ኤልቪኤፍኤስ ላይ ፈልገው እለዋለሁ።