ድንጋዩን የሚሸከመው ማን ነው?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የእድራችን አባላት፣ ልጆቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

ይህን ድንጋይ ዛሬ ጠዋት ከቀሃ ወንዝ ዳር አነሣሁት። የተሸከመልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ መንገድ ላይ «አያቴ፣ ለጉልቻ ነው?» አለኝ። «የለም፣ ለይቅርታ ነው» ብለው ሳቀ። አልፈርድበትም። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ግን እንዲህ ያለ ድንጋይ አንገቱ ላይ የጫነ ሰው ዐይቻለሁ። በድንበር ጠብ የጎረቤቱን ልጅ በዱላ መትቶ እጁን ሰብሮት ነበር። ጋቢውን አደግድጎ፣ በባዶ እግሩ፣ ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሚስቱ ከኋላ ሆነው እስከ ደጃቸው መጣ። ከውስጥ የሚወጣ ሰው ጠፋ። ውሻው ጮኾ ጮኾ ሲደክመው ተኛ። ሰውየው እንዳጎነበሰ ነው። ከብዙ ቆይታ በኋላ የልጁ እናት ወጣች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ድንጋዩን በሁለት እጇ አንሥታ መሬት ላይ አኖረችው። «ይማርህ» ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀና ሲል ማጅራቱ ቀልቶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የማልረሳው ያንን ማጅራት ነው። ሰውየው በደሉን በገዛ እግሩ፣ በቀን ብርሃን፣ ጎረቤት እያየው ተሸክሞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ «አልመታሁም» ሊል አይችልም። የልጁ ወገኖችም ጨለማ ጠብቀው ሊያደቡበት አይችሉም። መንደሩ በሁለቱም ላይ ምስክር ሆኗል።

ዛሬ «ይቅርታ» የምንለው ባጃጅ ውስጥ የሰው እግር ስንረግጥ ነው። ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ «ቅር የተሰኘ ካለ ይቅርታ» ይላል። ምን ዓይነት ነገር ነው? ጥፋቱ የእሱ መሆኑ ቀርቶ የሌላው መቀየም ሆነ እኮ! ቃሉን ራሱን እንየው። «ይቅር» ማለት የነበረውን ነገር «ይቅር» ብሎ መተው ነው፤ ዕዳው ደግሞ እንዲቀር ማዘዝ የሚችለው ባለዕዳው አይደለም፣ አበዳሪው ነው። «ምን እንደሆነ ባላውቅም ይቅር በለኝ» የሚል ሰው የብድሩን መጠን ሳይናገር ወረቀቱ እንዲቀደድለት የሚለምን ነው።

የገጠሩ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ነፍስ ያጠፋ ሰው ፍርድ ቤት የወሰነበትን ዓመት ጨርሶ ከእስር ቢወጣ፣ በመንግሥት ዘንድ ነገሩ አልቋል። ወደ ቀዬው ለመመለስ ግን ደሙ መድረቅ አለበት። ካህኑ መስቀሉን ይዘው፣ ሼሁም ዱዓቸውን ይዘው፣ ሽማግሌዎች የሟች ቤት ደጅ ይጠናሉ። «ነገሩን ለእኛ ስጡን» ይላሉ። የሟች ቤት እንቢ ይላል። ተመልሰው ይሄዳሉ፤ ደግመው ይመጣሉ። ያ እንቢታ ለወጉ ያህል የሚመስለው ይኖራል፤ እኔ ግን የእርቁ ዋና ክፍል እሱ ይመስለኛል። እንቢ ለማለት ያልተፈቀደለት ሰው እሺታው ምን ዋጋ አለው?

ወደ አዘዞ ብትወርዱ ገነተ ኢየሱስን ታገኛላችሁ፤ ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሩት እዚያ ነው። ካቶሊክነትን የመንግሥት ሃይማኖት ባደረጉ ጊዜ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ የላስታን ዐመፀኞች ድል አደረጉ፤ ሜዳው ላይ የወደቀው ግን የገዛ ወገናቸው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ አዋጃቸውን ሻሩ፤ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ ተመለሰ፤ ዙፋኑም ለልጃቸው ለፋሲል ሆነ። ጸጸት ይሁን ድካም የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔን የሚገርመኝ እጃቸውን የሰበሰቡት በድል ማግሥት መሆኑ ነው። ፋሲል ይህችን ከተማችንን ጎንደርን የቆረቆሩት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። (እሳቸውም ቢሆኑ ለሁሉም አልራሩም፤ ካቶሊክነትን ይሰብኩ የነበሩትን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ከአገር አስወጥተዋል።)

ሌላም ድንጋይ አለ። በ1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገቡ ድንጋይ አንገታቸው ላይ አድርገው ነው። ያ እርቅ አልነበረም፤ ጉልበት ያነሰው ጉልበት ለበዛው ማጎንበሱ ነው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ የተሸከመው ግን በዳዩ ሳይሆን ደካማው ነው። ታዲያ ይህ በነገሥታት ዘንድ ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሆነን አንድ ባልና ሚስት አስታርቀናል። እሱ ይመታታል። ወንድሞቿ ቤት ሸሽታ ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እሱ «ተቆጥቼ ነው» አለ፤ እኛም «ሰማሽ፣ ተቆጥቶ ነው» አልን። እንቢ አለች። እንቢታዋን እንደ ሟች ቤት እንቢታ አክብረን ተመልሰን መሄድ ነበረብን፤ እኛ ግን ሰዓታችንን አየን። «ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» ያልኳት እኔ ነኝ። ከዚያም አስነሥተን የእሱን ጉልበት አሳምናት። እሷን! ቡናው በረካ ሳይደርስ ተበተንን፤ በመንገዳችንም ሥራችን አምሮ መጠናቀቁን እያወራን ነበር።

ክንዷ የተሰበረው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ ክረምት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ወንበር ሰጠችኝ፤ ጠላ ቀዳችልኝ፤ አልጠጣሁትም። እስክጨርስ ሰማችኝና «ጋሼ፣ አንቱ የመለሱኝ በሰው ፊት ነው፤ አሁን ይቅርታ የሚሉኝ በጓዳ ነው» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ስሟን ሳላነሣ እዚህ እንድናገር ፈቅዳልኛለች።

ስለዚህ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለ እርቅ ላስተምራችሁ አይደለም። ከእናንተ መካከል ያን ቀን እዚያ ግቢ የነበራችሁ አላችሁ፤ ምስክሮቼ ናችሁ። ልጄ፣ እውነቱን ተናግረሽ ሳለ ዝም አሰኝቼሻለሁ። እንቢ የማለት መብትሽን ነጥቄሻለሁ። ያንቺ ያልሆነውን ድንጋይ አንገትሽ ላይ ጭኛለሁ። አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ መልሺልኝ አልልም፤ ጭራሽ ባትመልሺልኝም መብትሽ ነው። አዳራሹ ውስጥ መኖር አለመኖሯንም አልናገርም፤ እናንተም ዞር ዞር ብላችሁ አትፈልጉ።

ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።