«ኤክስቴንሽን» ስንል ምን ማለታችን ነው? በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን በሞንጎመሪ ካውንቲ የሚሰጠውን አገልግሎት የዘንድሮው ጉባኤ ዋና ርእስ አድርጎ ሲመርጥ፣ ከአባላት መጀመሪያ የደረሰን ጥያቄ «ትምህርቱ ማታ ነው ወይስ ቅዳሜና እሑድ?» የሚል ነበር። ጥያቄው አያስገርምም፤ አገር ቤት «በኤክስቴንሽን ነው የተማርኩት» የሚል ሰው ቀን ሠርቶ ማታ የተማረ ነውና። ገጠር ያደገው ግን ቃሉን ሲሰማ የሚያስታውሰው የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ነው፤ የዛሬው ጉዳያችንም ለእርሱ ይቀርባል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለየስቴቱ መሬት ሰጥቶ የግብርናና የሙያ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ መንገድ ከፈተ። በ1914 የወጣው የስሚዝ ሌቨር ሕግ ደግሞ በእነዚያ ኮሌጆች የተከማቸው ዕውቀት የኮሌጅ ደጃፍ ረግጦ ለማያውቀው ሕዝብ እንዲደርስ ደነገገ፤ እዚህ ኤክስቴንሽን የሚባለውም ይኸው ነው፤ ወጪውንም የፌዴራሉ መንግሥት፣ ስቴቱና ካውንቲው ይጋራሉ። በሜሪላንድ አገልግሎቱ በ23ቱም ካውንቲዎችና በባልቲሞር ከተማ አለ። ባለሙያው የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ካውንቲው ደግሞ በስምምነት የወጪውን ድርሻ ይሸፍናል። ሞንጎመሪ ከተማ ብቻ ለሚመስለን፣ ካውንቲው በ1980 ለእርሻ የከለለው 93 ሺህ ኤከር ያህል መሬት የግዛቱን ሲሶ ገደማ እንደሚይዝ ላስታውስ።

ይህ አደረጃጀት ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ድጋፍና በኦክላሆማ ኮሌጅ አጋዥነት የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዞ የተነሣ ነበር፤ በኋላ ኤክስቴንሽኑ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በእኔ አስተያየት፣ እዚህ አገር ሥርዓቱን ከመቶ ዓመት በላይ ያቆየው አስተማሪውና መንግሥት ሳይለያዩ መዝለቃቸው ነው።

ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናታችን በረንዳቸው ላይ ካበቀሉት ጤና አዳም አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው በፌስታል ይዘው ወደ ሰፈራቸው ቤተ መጻሕፍት ሄዱ፤ እኔም ለማስተርጎም አብሬያቸው ነበርኩ። ቤተ መጻሕፍቱ የካውንቲው ነው፤ መግቢያው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የተቀመጡት «ማስተር ጋርድነር» የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች ግን ዩኒቨርሲቲው ያሠለጠናቸው ናቸው። ቅጠሉን እየበላ ያስቸገረው አረንጓዴና ጥቁር ዝንጉርጉር ትል ፌስታሉ ውስጥ አብሮ መጥቷል። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ በማጉያ መነጽር አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ ወደ ጥቁር ቢራቢሮ የሚለወጥ ስለሆነ ባይገድሉት እንደሚሻል፣ ጥቂት ቅርንጫፍ ለእርሱ ትተው ቀሪውን በመረብ ቢሸፍኑት እንደሚበቃ መከሩ። እናታችንም «ለእሱ ከተውኩለት እኔ ቡናዬ ላይ ምን ላድርግ?» አሉ። ይህን ስተረጉም ሴትዮዋ «ቡና ላይ?» ብለው ማስታወሻቸውን አወጡና ቅጠሉ መቼ እንደሚጨመር፣ ስንት እንደሚበቃ ይጠይቁ ጀመር፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል አስተማሪዋ እናታችን ሆኑ።

በዚያ ጠረጴዛ ካውንቲው ቤቱን፣ ዩኒቨርሲቲው ዕውቀቱን አዋጥተዋል፤ ጥያቄው ግን የመጣው ከእናታችን ፌስታል ነው። ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙን የሚቀርጸው የአካባቢው ሰው በሚያቀርበው ፍላጎት ነውና፣ ያልጠየቀ ማኅበረሰብ በዕቅዱ ውስጥ ባይታይ ሊያማርር አይችልም። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያዎቻቸውን በአማርኛም የሚያወጡት ቁጥራችን ስለታወቀ ነው። ኤክስቴንሽን በሚሰጠው የአመጋገብ ትምህርት ግን እንጀራና ሽሮ እስካሁን አልገጠሙኝም፤ እኛም ይግቡልን ብለን አልጠየቅንም። ከ8 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ስለተዘጋጀው «ፎር ኤች» ስለሚባለው የኤክስቴንሽን ክበብ የወጣቶች ክፍላችን ከሰዓት በኋላ ስለሚያስረዳ እኔ አልደግመውም።

ከዚህ ጉባኤ የምጠብቀው ውሳኔ ስለዚህ የተወሰነ ነው። የካውንቲው የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል፤ የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ረቂቁን በማርች አጋማሽ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱም በኤፕሪል የነዋሪውን ቃል ሰምቶ በሜይ መጨረሻ ያጸድቃል። ከማኅበራችን በዚያ መድረክ ቀርቦ ስለ ኤክስቴንሽን የተናገረ እስከ ዛሬ የለም፤ ጥፋቱም ከማንም በፊት የእኔ የሊቀ መንበሩ ነው። በመጪው ኤፕሪል ሁለት ሰው እንድንልክና፣ አዳራሻችንንም በወር አንድ ቅዳሜ ለዕፅዋት ምክሩ ጠረጴዛ እንድንፈቅድ ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ አቅርቧል። ለማስተርጎም ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን የምትጽፉበት ወረቀት በሩ አጠገብ ከቡናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ጉባኤው በይፋ መከፈቱን እየገለጽኩ፣ የውሳኔ ሐሳቡን እንዲያነቡልን ጸሐፊያችንን እጋብዛለሁ።