«ከፋዩ እኔ ነኝ፤ ምን እንዳለች ንገሩኝ»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር

በዚህ ሳምንት መስመራችን ክፍት የሆነው ስለ ሳይኮቴራፒ፣ ማለትም በንግግር ስለሚሰጥ ሕክምና ለመጠየቅ ነው። እንግዳችን አዲስ አበባ ውስጥ በግሏ የምትሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃለች። ደንበኞቿ «ስለ እኔ ነው ያወራችው» ብለው እንዳይሳቀቁ ነው። የምታነሳቸው ምሳሌዎችም የአንድ ሰው ታሪክ አይደሉም፤ ተቀላቅለውና ተቀይረው የቀረቡ ናቸው።

ከጉለሌ የደወሉ እናት፦ ዶክተር፣ እንደምን ዋልሽ ልጄ። የሰው ብሶት ስትሰሚ ውለሽ ማታ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል? እኔ የጎረቤቴን ሰምቼ እንኳ ሳምንት ነው የሚያመኝ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እናቴ። ዶክተር እንኳ አይደለሁም፤ መድኃኒት የሚያዙት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ናቸው። የእኔ ሥራ በንግግር ነው። እንቅልፉን ከጠየቁኝ፣ አብዛኛውን ቀን ደህና እተኛለሁ። ሰው የሚመስለው ከባድ ታሪክ መስማቱ ነው የሚጎዳን። እኔን የሚከብደኝ ግን ቀጠሮ ይዞ የቀረ ሰው ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ተሽሎት ነው? ተቀይሞኝ ነው? ብር አጥሮት ነው? ወይስ አንድ ነገር ሆኖ ነው? ደጋግሜ ልደውል ብል ማሳደድ ይሆናል። ሚስቱ ስልኩን ብታነሳውስ ማን ነኝ ልላት ነው? ስሜን ብቻ ጽፌ አንድ አጭር መልእክት እልካለሁ። መልስ ካልመጣ በቃ፣ ሳላውቅ እቀራለሁ።

ሌላው ብቸኝነቱ ነው። ሆስፒታል የሚሠራ ሰው ኮሪደር ላይ እንኳ ባልደረባ ያገኛል። በግል የምንሠራ ሰዎች ግን በር ዘግተን ነው የምንውለው፤ የሰማነውን ደግሞ እቤት አናወራውም። ለዚህ ነው በሙያው «ሱፐርቪዥን» የሚባል ነገር ያለው። ልምድ ያለው ባለሙያ ጋ ሄደሽ፣ የደንበኛውን ማንነት ሳታወጪ፣ ያስቸገረሽን ጉዳይ ታወያዪዋለሽ። እኛ ጋ ብዙ ሰው እንደ ቅንጦት ያየዋል። እኔ ከኪራዩ ቀጥሎ የማልቀንሰው ወጪ እሱ ነው።

ከባሕር ዳር የደወለች አድማጭ፦ ከባሌ ልፋታ ወይስ ልቻለው ብዬ ሦስት ጊዜ ቴራፒስት ጋ ሄድኩ። እሷ ግን «አንቺ ምን ይሰማሻል?» ነው የምትለኝ። የሚሰማኝን ባውቅማ ለምን ከፍዬ እሄዳለሁ?

መልስ፦ እውነትሽን ነው፣ «ምን ይሰማሻል» የምትለዋን ማምለጫ የሚያደርጋት ባለሙያ አለ። ከሦስት ቀጠሮ በኋላም መንገዳችሁ ካልገባሽ «ዕቅዳችን ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። የመመለስ ግዴታ አለባት።

ፍቺውን ግን እኔም አልወስንልሽም ነበር። እኛ አገር መካሪ ጠፍቶ አያውቅም። እናት አለች፣ የንስሐ አባት አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ሚዜ አለ። ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ያ ሁሉ መክሮት ሲያበቃ ነው። «ፍቺው» ብዬሽ ነገ ቢቆጭሽ የምትቀየሚው እኔን ነው። «ቻዪው» ብልሽም ያው ነው። የባሰው ደግሞ ምክሬ የሠራ እንደሆነ ነው፤ ለሚቀጥለውም ጉዳይ ፈቃድ ልትጠይቂኝ ትመጫለሽ።

ዝም የማልልበት ጊዜ ግን አለ። ባልየው የሚመታ ከሆነ «ማን ጋ ታድሪያለሽ? መታወቂያሽ የት ነው? ልጆቹን ማን ይይዛል?» ወደሚለው ነው በቀጥታ የምገባው። ራስን ስለማጥፋትም ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። መጠየቅ ሐሳቡን የሚያስገባ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አያስገባም፤ እንዲያውም ሰውየውን ያሳርፈዋል።

እንደ አስተማሪ የማወራበትም ጊዜ አለ። ልቡ በድንገት እየመታ «ልሞት ነው» የሚል ሰው የኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ይመጣል። ከክሊኒክ ክሊኒክ ዞሮ ሁሉም «ልብህ ጤነኛ ነው» ብለውታል። ፓኒክ አታክ፣ ማለትም ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል እንደሆነ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ነክቶ እንደሚወርድ አስረዳዋለሁ። ከዚያ የሕንፃውን ደረጃ አብረን በሩጫ እንወጣለን። ልቡ ይደልቃል፣ ያልበዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቁጭ እንላለን። ቀስ ብሎ ይወርዳል። ያንን በራሱ ሰውነት ማየቱ ከእኔ የአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል። ለእኔም ጉልበት ጥሩ ነው።

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ ባለቤቴን ሳይኮሎጂስት ጋ የምልካት እኔ ነኝ። ከፋዩም እኔ ነኝ። ምን እንደተባባሉ ስጠይቅ ሴትዮዋ «አልናገርም» አለችኝ። ይሄ አግባብ ነው?

መልስ፦ አግባብ ነው ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልዎት። ብሩ የሚከፈለው ለሰዓቱ ነው፤ ምስጢሩ የባለቤትዎ ነው። ወላጅም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ውጭ አገር ሆኖ ብር የሚልክ ወንድምም ይህንኑ ይጠይቀናል። የእርስዎ እንኳ ቀላል ነው። «ለእሷ ብለሽ ነው፣ ትንሽ ብቻ» እያለ ማልቀስ የሚጀምር አለ፤ ያኔ ነው ይሉኝታ የሚፈትነን።

ምስጢሩ ግን ወሰን አለው። ለደንበኛዬ ገና በመጀመሪያው ቀን እነግረዋለሁ፦ ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ከተነሳህ፣ ሕፃን አደጋ ላይ ካለ፣ ዝም አልልም። በሙያችን ሁሌም የሚጠቀስ የካሊፎርኒያ ጉዳይ አለ። በ1969 እ.ኤ.አ. የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ወጣት ታትያና ታራሶፍ የምትባል ልጅ ሊገድል እንዳሰበ ለሳይኮሎጂስቱ ተናገረ። ሳይኮሎጂስቱ ለግቢው ፖሊስ አሳወቀ። ፖሊስ ልጁን ይዞ አነጋግሮ ለቀቀው። ለልጅቷ ግን ማንም አልነገራትም፤ ተገደለች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ሲበይን፣ ቴራፒስት አደጋ የተጋረጠበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት አለ። የንስሐ አባትና እኔ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው።

ከሐዋሳ የደወለ ተማሪ፦ ሳይኮሎጂ እያጠናሁ ነው። ደንበኛ ያስጠላል? መምህሮቻችን ይህን አይነግሩንም። ገቢውስ?

መልስ፦ ያስጠላል። ይሰለቻልም። ከምሳ በኋላ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ሲመጣ ዓይኔን የምገልጠው በመከራ ነው። የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹ ፍሮይድ ባለሙያው በደንበኛው ምክንያት ስለሚያድርበት ስሜት የተናገረው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው፤ መቆጣጠር ያለብን እንቅፋት አድርጎ ነበር ያየው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተንታኝ ዶናልድ ዊኒኮት ደግሞ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሐኪም ደንበኛውን ሊጠላ እንደሚችል በግልጽ ጻፈ። ሰዓቱ ሲያልቅ «በቃ» ብሎ ማሰናበት ራሱ የዚያ ጥላቻ መግለጫ ነው አለ። እኔ ይህን ሳነብ ተንፍሻለሁ።

አንድ ሰውዬ እንውሰድ። ገና ሲገባ ሰዓቱን ያያል፤ «አራት ደቂቃ አስጠበቅሽኝ» ይላል። ወንበሩ አይመቸውም። የሰጠሁትን መልመጃ «የልጆች ነገር» ይለዋል። ትንሽ ቆይቶ ሆዴ ይቋጠራል፤ ቃል እየመረጥኩ ማውራት እጀምራለሁ። ስሜቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጥ አድርጌ አልፈው ነበር። ግን እቤቱም ሰው እንዲህ ይሆን ይሆናል። «አሁን ከእርስዎ ጋር ሳወራ ጥንቃቄ በዛብኝ። ቤትዎስ ሰው እንዲህ ይሆናል?» እለዋለሁ። ዝም ይላል። ከዚያ፦ «ትንሿ ልጄ እኔ ስገባ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች።» ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው።

እንዲያውም ከምትጠላው ይልቅ የምትወደውን ፍራ። ሰዓት የምትጨምርለትን፣ ማታ ስልኩን የምታነሳለትን፣ ክፍያውን «ተወው» የምትለውን። ለፋሲካ ዶሮ ይዞ የሚመጣ አለ። ዶሮዋ በር ላይ እየጮኸች ስለ ሙያ ወሰን ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ ስትደርስበት ታየዋለህ። ዳቦ ከሆነ አብረን ቆርሰን እንበላለን፤ ከዚያ ከበለጠ አልቀበልም። ሠርግም አልሄድም።

ገቢው? ብር ፍለጋ ከሆነ ሌላ ሥራ ያዝ። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ቢሮ እንዳትከፍት ደግሞ አደራ።

ከሪያድ የደወለች አድማጭ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። በቪዲዮ ካገር ቤት ባለሙያ ጋር ማውራት ይጠቅማል?

መልስ፦ ይጠቅማል፣ በአማርኛ ማልቀስም አንድ ነገር ነው። ችግሩ ቦታው ነው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምታወራ እህት አጋጥማኛለች። እመቤቷ በር ስታንኳኳ እህቲቱ «ሽሮው አልቆብናል» ካለችኝ ወሬ ቀይሪ ማለት እንደሆነ ተስማማን። ካንቺ ጋርም እንዲህ ያለ ምልክት ያስፈልጋል። ቪዲዮው ይቅር፣ ድምፅ ይበቃል። ያለሽበትን አድራሻና እዚያው ያለች የምታምኛትን አንዲት ጓደኛ ቁጥር ግን ለባለሙያዋ ስጫት። አንድ ነገር ቢፈጠር ከአዲስ አበባ ሆና ልትደርስልሽ አትችልም። አሜሪካ ላላችሁት ደግሞ የቴራፒስት ፈቃድ በየግዛቱ ነው የሚሰጠው። እዚያው ፈቃድ ያለው አማርኛ ተናጋሪ ብትፈልጉ ይሻላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ እዚያው አሜሪካ 988 ላይ ይደወላል።

ከጎንደር የደወሉ አባት፦ ጸበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ?

መልስ፦ ይሄዳሉ አባቴ። ጸበሉን ማንም አይከለክልዎትም፤ መድኃኒቱን ሐኪሙ ሳያውቅ አያቋርጡ። አጥማቂው «ተወው» ቢሉም እንኳ።

ከጅማ የደወለች አድማጭ፦ ቴራፒስቴን መቀየር እፈልጋለሁ። ይከፋው ይሆን?

መልስ፦ ሊከፋው ይችላል፣ ሰው ነው። እሱን ማስተናገድ ያንቺ ሥራ አይደለም። ከቻልሽ አንድ የመጨረሻ ቀጠሮ ያዢና ያልተመቸሽን ንገሪው፤ አንዳንዴ እዚያው ይስተካከላል። ካልቻልሽ በመልእክት «አልቀጥልም» ማለት ይበቃል። ብቻ ዝም ብለሽ አትጥፊ።